ሁለት ፍየል፣ ሁለት ድስት፦ የጭሮ ቤቶች ስለ ሥጋ ማብሰል የሚያውቁት

የአባቴን ሙት ዓመት ያወጣነው ጭሮ፣ አክስቴ ቤት ነው። የበኩር ልጅ ስለሆንኩ የድግሱ ሥጋ የእኔ ጉዳይ ነበር። ገበያ ወጥቼ ሁለት ሙክት ገዛሁ፤ ሁለቱም ከአንድ ሻጭ፣ በዕድሜም በቁመናም የሚቀራረቡ። ለምን ሁለት? ጭሮ ድግስ ደግሳችሁ የምታውቁ ከሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ለክርስቲያን እንግዳ፣ አንዱ ለሙስሊም እንግዳ ነው።

የእኛን ፍየል ዓርብ ማታ አሳረድኩ። ነገ እንዳልዋከብ ብዬ ሥጋውን ገና ትኩስ ሳለ አስቆራርጬ አዲሱ ፍሪጅ ውስጥ ደረደርኩት። በሥራዬ ኮርቼ ተኛሁ። የሙስሊም እንግዶቹን ፍየል ደግሞ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ወሰዱት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ልጃቸው አረደው፣ እሳቸውም እዚያው ጓሯቸው በሸክላ ድስት አበሰሉት።

ምሳ ቀረበ። የእኛ ወጥ ሥጋው ጎማ ሆኖ አረፈው። ጥርሳቸው የሳሳ የአባቴ ጓደኞች አንድ ሁለት ጉርሻ ካላመጡ በኋላ ሥጋውን ወደ ትሪው ዳር ገፋ ገፋ አድርገው መረቁን ብቻ በእንጀራ እያጠቀሱ በሉ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ይላቀቅ ነበር።

ማታ ላይ አክስቴ ሳቅ ብላ «ሥጋውን አስደነገጥከው እኮ! ሙቀቱ ሳይወጣለት ብርድ ውስጥ ከተትከው» አለችኝ።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ሙቀት ከአንድ ነገር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ ስንት ጊዜ ተፈትኜበታለሁ። «ሥጋ ይደነግጣል» የሚል ነገር ግን በየትኛውም መማሪያ መጽሐፌ ላይ አላየሁም። ቆየት ብዬ ሳነብ አክስቴ ልክ ሆና አገኘኋት። ያውም እሷ ያለችውን ነገር ኒው ዚላንዳውያን ተመራማሪዎች በሚዛንና በማስመሪያ ለክተው አሳይተውታል።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ የፍየል ሥጋ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚበስል ነው፤ ግን ከነታሪኩ። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች እናቶች የሚያውቁት የማብሰል ደንብ ከአራት ነገሮች የመጣ ነው፦ ከእንስሳው፣ ከቦታው ከፍታ፣ ከታረደበት ሰዓትና ከማገዶው። ባለፉት መቶ ዓመታት ባቡር፣ ፍሪጅና ፕሬሸር ድስት ተራ በተራ ገቡ። ዕቃው ገባ፤ ደንቡን ግን ከዕቃው ጋር አስታርቆ የጻፈልን ሰው የለም። የእኔ ጎማ ሥጋ የዚህ ክፍተት ውጤት ነው።

ፍየሏ ከየት መጣች?

ፍየል ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ነው። በዛሬዋ ኢራን፣ በዛግሮስ ተራሮች ውስጥ ጋንጅ ዳሬህ የሚባል ጥንታዊ ሰፈር አለ። እዚያ የተገኙት አጥንቶች ሲመረመሩ ወንዶቹ ፍየሎች በለጋነታቸው፣ ሴቶቹ ግን ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ይታረዱ እንደነበር ታወቀ። አዳኝ እንዲህ አይመርጥም፤ የሚመርጠው አርቢ ነው። ሴቷ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፤ ወንዱ ይበላል። ይሄ ሂሳብ ዛሬም ጭሮ ገበያ ላይ አልተቀየረም።

በምዕራብ ሐረርጌ ፍየል ሁለት ዓይነት ኑሮ አላት። ቆላው ውስጥ፣ በሚኤሶ በኩል፣ ከግመል ጋር ቁጥቋጦ እየቀነጠሰች በመንጋ ትሰማራለች። ደጋና ወይና ደጋው ላይ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ አካባቢ ደግሞ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ አንድ ቤት ጥቂት ፍየሎችን አስሮ ይቀልባል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን አጥቅጥቆ ይዘራና ሲያድግ እያሳሳ የነቀለውን ለከብቱ ይሰጣል። የታወቀው የሐረር ሰንጋ የሚደልበውም በዚህ ነው። ፍየሏ በዚህ ላይ ገረባ ትጨምራለች። ገረባ ማለት ሰው ጫት ቅሞ የሚተወው እንጨትና ቅጠል ነው። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ቅጠል በጣሽ መሆኗ በክፉ ቀን ዋጋ አለው። ሣሩ ሲደርቅ ላም ቀድማ ትከሳለች፤ ፍየል ግን የግራር ቅጠልና ቁጥቋጦ ፈልጋ ትቆያለች። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 የኤል ኒኞ ድርቅ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌን ሲመታ ፍየል ያለው ቤት ቢያንስ የሚሸጠው ነገር ነበረው። ስለዚህ ፍየል ማረድ እዚህ አገር ከባንክ ገንዘብ እንደማውጣት ነው። ያወጡትን ደግሞ ማበላሸት ያሳፍራል።

ለድስቱ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ፍየል ስቧን የምታጠራቅመው በብዛት ሆዷ ውስጥ፣ በኩላሊቷ ዙሪያ ነው። ከቆዳዋ ሥርና በጡንቻዋ መሐል ያለው ስብ ከበግ ያነሰ ነው። ሥጋዋ ቀይና ደረቅ ይሆናል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። ይህንን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ መድፈኛ የቆረቆራት ከተማ

አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም የመጣው ከራስ ተፈሪ ነው፤ ጭሮ የኦሮምኛ ስሟ ነው። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት የጻፉና የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ነበሩ። ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ለማድረግ ነበር ሐሳባቸው።

ከዚያ በፊት ባቡሩ መጥቷል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በመሐሉ ከነበሩት ጣቢያዎች አንዷ ሚኤሶ ናት። ዛሬ የኤሌክትሪክ ባቡሩም በእሷ በኩል ያልፋል። ሐዲዱ ሩዝ፣ ስኳር፣ ቅመምና የአሉሚኒየም ድስት ወደ ደጋው አቀረበ። ከእሱ ጋር የመኒ ዐረብ፣ ሐረሪ፣ ሶማሌና የመሐል አገር ነጋዴ ኦሮሞው ወዳለበት ገበያ ወጣ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ አንዱ ቤት ፍየሉን በሩዝ፣ አንዱ በማሽላ እንጀራ፣ ሌላው በጤፍ እንጀራ በላው።

ከተማ መሆን በሥጋ ላይ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። ገጠር ሳላችሁ ፍየሉን ታውቁታላችሁ፤ ዕድሜውን፣ የበላውን፣ መቼ እንደታረደ። ሥጋ ቤት ስትቆሙ የምታውቁት በሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ እንዳለ ብቻ ነው። መቼ ታረደ? ስንት ዓመቱ ነበር? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ የትኛውም የአሠራር መመሪያ ልክ አይመጣም። አክስቴ ሥጋ ቤት ስትሄድ ከዋጋው በፊት የምትጠይቀው እነሱኑ ነው።

94 ዲግሪ

አሁን ወደ ድስቱ። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሚኤሶ 95.5 ገደማ፣ ጅቡቲ ወደብ 100፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 አካባቢ። እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታነዱት ክፍት ድስት ከዚህ በላይ አይሞቅም።

ሥጋን ጠንካራ የሚያደርገው ጡንቻውን አንድ ላይ የሚያስረው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። በርጥብ ሙቀት ከ60 እና 70 ዲግሪ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ጄላቲን ይቀልጣል። ጣት ላይ የሚያጣብቀው የቅቅል መረቅ እሱ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር መቅለጡ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከፍ ባለ አገር ሥጋ የሚፈልገው ሰዓት ይረዝማል። እንስሳው ሲያረጅ ደግሞ ኮላጅኑ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ስለሚሄድ ለመቅለጥ ያስቸግራል። «የቆየ ፍየል ለቅቅል፣ ለጋው ለጥብስ» የሚሉት እናቶች የሚያወሩት ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ስህተት አለ። ሥጋው አልበስል ሲል እሳት እንጨምራለን። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ወደ 2.3 ሜጋጁል ሙቀት ይሄዳል። ሁለት ኪሎ ሥጋና ሁለት ሊትር ውሃ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪፈላ የሚፈልገው ግን 1.2 ሜጋጁል አካባቢ ብቻ ነው። ማለትም ድስቱ እየተንፈቀፈቀ አንድ ሊትር ባተነነ ቁጥር ሙሉውን ድስት ሁለቴ ለማፍላት የሚበቃ ማገዶ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሥጋው ደግሞ ያው በ94 ዲግሪው ነው። አክስቴ «ድስቱ ይተንፍስ እንጂ አይጩህ» የምትለው ይሄንን ስሌት ሳትሠራው ነው።

ሥጋ እንዴት ይደነግጣል?

ፍየሉ ሲታረድ ጡንቻው ወዲያው አይሞትም። በውስጡ የቀረውን ኃይል እየተጠቀመ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይገተራል፤ ከዚያ በራሱ ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ይላላል። ገና ሳይገተር በብርድ ከተመታ ግን ጡንቻው አለልክ ይኮማተራል። ተኮማትሮም ይቀራል።

ይህ የታወቀው ከንግድ ኪሳራ ነው። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1882 የመጀመሪያውን የቀዘቀዘ ሥጋ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ላከች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማቀዝቀዣው ሲፈጥን የበጉ ሥጋ ያለምክንያት እየጠጠረ ደንበኛ አማረረ። ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 ከታረደ ብዙም ያልቆየ የከብት ጡንቻ ወስደው በተለያየ ሙቀት አስቀመጡ። ወደ ዜሮ ዲግሪ የተጠጋው ርዝመቱ በግማሽ ገደማ አጠረ፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ግን ትንሽ ብቻ ነው ያጠረው። ከዚያ ወዲህ የሥጋ ኢንዱስትሪው የሚመራበት ቀላል ደንብ ወጣ፤ ከታረደ 10 ሰዓት ሳይሞላው ሥጋውን ከ10 ዲግሪ በታች አታውርድ።

ፍየልን አስቡ እንግዲህ። ትንሽ ናት፣ ከቆዳዋ ሥር የሚያሞቃት ስብ የላትም። ቆራርጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ ስትደረድሩት ቅዝቃዜው ልቡ ድረስ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ዓርብ ማታ ያደረግኩት ይሄንን ነው። ጎረቤታችን ግን ጎህ ሲቀድ አሳርደው ሥጋው ሳይገተር ድስት ውስጥ ከተቱት። በሐቅ ለመናገር ሁለቱ ፍየሎች የተለያዩት በሰዓት ብቻ አይደለም፤ ድስቱም፣ እሳቱም፣ እጁም ይለያያል። ላቦራቶሪ ቢሆን ኖሮ ይህንን ሙከራ አልቀበለውም ነበር። ሽማግሌዎቹ ሥጋውን ሲገፉት ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

የበዓል ማዕዳችንን ቅደም ተከተል ልብ ብላችሁታል? ጠዋት ዱለት፣ ቀጥሎ ጥብስ፣ አጥንት አጥንቱ ለቅቅልና ለወጥ ወደ በኋላ፣ የተረፈው ቋንጣ። ጉበትና ጨጓራ እንደ እግር ጡንቻ የሚገተሩ አይደሉም፤ ቀድመው ይበላሻሉም። ጥብሱ ጡንቻው ገና ለስላሳ ሳለ ይደርሳል። ቅቅሉ ሰዓት አለው፣ ይጠብቃል። ፍሪጅ በሌለበት ዘመን የተሠራ የሰዓት ሰሌዳ ነው፤ ከጡንቻው ሰዓት ጋርም ይገጥማል።

ስለ ሽታው

«ፍየል ይሸታል» ለሚሉ አንድ ነገር ልበል። የሚሸተው በተለይ ያልተኮላሸው ወጠጤ ነው። ሽታው የሚመጣው በስቡ ውስጥ ከሚጠራቀሙ ቅርንጫፋማ የስብ አሲዶች ነው፤ ፀጉሩም የራሱ ጠረን አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ከወጠጤ ፀጉር ላይ የሴቷን የመራቢያ ሥርዓት የሚያነቃቃ ሽታ ለይተው አውጥተዋል፤ ከተኮላሸው ግን አላገኙትም። አባቶቻችን ለድግስ ሙክት የሚመርጡት ለስቡ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሽታው በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ሥጋውን ደጋግሞ ማጠብ ብዙ አይፈይድም። የሚፈይደው ሲገፈፍ ፀጉሩ ሥጋውን እንዳይነካ መጠንቀቅና የሚከብደውን ስብ ቆርጦ ማውጣት ነው።

ማገዶውና ድስቱ

ሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ከሙቀቱ ድስቱ ውስጥ የሚገባው አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው፤ ቢበዛ ትንሽ ከዚያ በላይ። የቀረው ጓዳውንና ሰማዩን ያሞቃል። ለዚህ ነው የሸክላ ድስት ዘመኑን የሚመጥን መሣሪያ የነበረው። ሸክላ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም ከመቶ እጥፍ በላይ ቀርፎ ነው። ለመሞቅ ይዘገያል፤ ከሞቀ በኋላ ግን እሳቱን ብትስቡለትም ቀስ እያለ መተንፈሱን አያቆምም።

ግን ማገዶው ራሱ አለቀ። ጭሮ አቅራቢያ ያለው የኩኒ ሙክታር መጠለያ የተከለለው ለደጋ አጋዘን ነበር፤ ደኑ ለእርሻና ለእንጨት እየተመነጠረ ሲሄድ የእንስሳው መኖሪያም አብሮ ሄደ። ሌላው ዋጋ የሚከፈለው በሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ «የጥንቱ ይሻላል» ብዬ ልሰብካችሁ አልችልም። አክስቴ እሳት ስትቆሰቁስ እንዴት እንደምታስል አውቃለሁ።

መፍትሔውን ያሰበው ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ ብረት ድስት ሠራ። ዓላማው አጥንት ማለስለስና ማገዶ መቆጠብ ነበር። ድስቱ እንዳይፈነዳ እንፋሎት የሚያስተነፍስ ክዳን አበጀለት፤ ዛሬ በፕሬሸር ድስታችሁ ላይ የሚያፏጨው የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ጭሮ ላይ ፕሬሸር ድስት 115 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን ቅቅል ወደ 45 ደቂቃ ያወርደዋል። ከፍታው የወሰደብንን ሙቀት ከነወለዱ ይመልስልናል።

እንግዲህ እንዴት ትሠሩታላችሁ?

ሰዓቱን አስተካክሉ። ፍየሉ እዚያው ቀን የሚበላ ከሆነ ቶሎ ድስት ይግባ። ለነገ ከሆነ ሳትቆራርጡት፣ ዝንብ በማይደርስበትና ነፋሻ በሆነ ቦታ ሌሊቱን ሰቅላችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ቆራርጣችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ይሄ ለጭሮ ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ሚኤሶ ወይም ድሬዳዋ ላይ ከሆናችሁ አታሳድሩት፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል፤ ያኔ ዕለቱን አብስሉት።

ለቅቅል ከአንገት፣ ከጎድንና ከቅልጥም ሁለት ኪሎ ያህል ከነአጥንቱ ያዙ። ውሃው ሥጋውን ሸፈን ያድርገው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሲፈላ አረፋውን ግፈፉና እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና ጨው ጨምራችሁ ክደኑት። በተራ ድስት ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በፕሬሸር ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ፕሬሸሩን በውሃ አስደንግጣችሁ አትክፈቱ፤ በራሱ ይተንፍስ። ቃሪያ፣ ኮረሪማና የጥብስ ቅጠል መጨረሻ ላይ ይግቡ፤ ጠረናቸው ከእንፋሎት ጋር ነው የሚሄደው።

ለጥብስ ለጋ ፍየል፣ ሽንጥና ታፋ። መጥበሻውን በደንብ አግሉትና ሥጋውን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። አንዴ ከሞላችሁት ውሃ ይለቃል፤ ውሃ ካለ ደግሞ 94 ዲግሪ ላይ ታሰራችሁ ማለት ነው፤ ያ ቡናማ ቀለምና ጣዕም የሚመጣው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ዱለቱን በበኩሌ ለብ ለብ አድርጎ መብላት አልመክርም፤ ውስጡ ድረስ ይብሰል።

ከሙት ዓመቱ በኋላ አክስቴ ቤት ሌላ ፍየል አረድን። በዚህኛው ሌሊቱን ተሰቅሎ አደረ፤ ጠዋት ግማሹን በእሷ ሸክላ፣ ግማሹን በእኔ ፕሬሸር ሠራነው። ከአባቴ ጓደኞች መሐል ሁለቱ ነበሩ። የትኛው ከየትኛው ድስት እንደሆነ ሳልነግራቸው አቀረብኩ። ሁለቱንም ጨረሱት። የበለጠውን ስጠይቃቸው አንደኛው ቅልጥሙን ትሪው ላይ መታ መታ አድርጎ መቅኑን እያወጣ «አባትህ ቢኖር ይሄን ነበር የሚወደው» አለኝ፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ስለ ሥጋ ግራ የሚያጋባ ደንብ ካላቸው ከመሳቃችሁ በፊት ጻፉት። ምክንያቱን በኋላ እናገኘዋለን።